እህቴ «በቃኝ» የምትለው ኩባያ ገልብጣ ነው፤ ይህን ለሐኪም እንዴት ጽፌ ልስጥ?

ታላቅ ወንድም

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ሊረዝም ነው፤ ለማን እንደማወራው ጠፍቶኝ ነውና ታገሡኝ።

ታናሽ እህቴ 31 ዓመቷ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት፤ የሚጥል በሽታ ደግሞ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ አልተለያትም። የምትናገራቸው ቃላት አሥራ አምስት ቢሆኑ ነው፤ ግማሾቹም የሚገቡት ለእናቴና ለእኔ ብቻ ነው። የቀረውን የምትነግረን በእጇና በዕቃ ነው። ውሃ ሲያምራት ኩባያዋን ታነሣለች። «በቃኝ»፣ «አልፈልግም»፣ «ተዉኝ» ለማለት ደግሞ ኩባያውን ገልብጣ አፉን ወደ ታች አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ነገሩ ከውሃ ጋር ባይገናኝም እንዲሁ ነው። ፀጉሯን ስናበጥርላት ከሰለቻት ተነሥታ ኩባያ ፈልጋ መጥታ ፊታችን ትገለብጣለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሌሊት ጣላት። ሌላ ጊዜ በሁለት ደቂቃ ይለቃታል፤ የዚያን ሌሊት አልለቀቃትም። በአፍንጫ የሚረጨውን መድኃኒት ሰጠናት፤ ትንሽ ጋብ ብሎ እንደገና ተነሣባት። ሆስፒታል ስንደርስ 40 ደቂቃ አልፎ ነበር። በጽኑ ሕሙማን ክፍል አምስት ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ቆይታ ተረፈች።

ከዚያ ሰሞን ሁለት ነገር አልወጣልኝ ብሏል። አንደኛው፣ ቱቦው ከወጣላት በኋላ ልብሴን ልቀይር ወደ ቤት በሄድኩበት ሰዓት ደም ሊቀዱላት መጡ። እሷም ኩባያዋን ገለበጠች። ነርሱ «ጠምቷታል» ብሎ ሞላላት። እንደገና ገለበጠችው፤ አልጋው ራሰ። «ተረብሻለች» ተብሎ ማረጋጊያ መርፌ ተወጋች። ይህን የነገረችኝ በአጠገቧ ያለውን በሽተኛ የምታስታምም ሴት ናት። እህቴ ሁለት ጊዜ በግልጽ ተናግራ ነበር፤ የሚሰማት ግን አልነበረም።

ሁለተኛው፣ ስንወጣ ሐኪሟ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ይህ ቢደገም እስከ ምን ድረስ እንድንሄድ ትፈልጋላችሁ? እሷስ ብትጠየቅ ምን ትላለች? በጽሑፍ ያስቀመጣችሁት ነገር አለ?» አሉኝ። አንደበቴ ተሳሰረ። ለእናቴ ስነግራት «ሞትን በስሙ አትጥራው» ብላ ፊቷን አዞረች።

እንዲህ ያለ ዕቅድ ምን ይመስላል? ማን ይጽፈዋል? እህቴ ራሷ ልትሳተፍበት ትችላለች? ወይስ ይህ ሁሉ «አታድኗት» የሚል ወረቀት ማስፈረሚያ ጨዋ መንገድ ነው? የመጨረሻውን የምጠይቀው ለክርክር አይደለም፤ ስለምፈራው ነው።

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፈችልህ። በነርቭ ሕሙማን ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን የማስታገሻ እንክብካቤ ላይ ነኝ። ያንን ኩባያ የሞላው ነርስ እኔም ልሆን እችል ነበር።

ከመጨረሻው ገጽ አትጀምሩ። ሰው ስለዚህ ዕቅድ ሲሰማ ወዲያው የሚታየው «ልቧ ቢቆም» የሚለው ነው። እሱ ለብዙ ቤተሰብ ዓመታት ባዶ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ይቆይ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ደኅና ቀኗ ነው፤ ስትደሰት ፊቷ ምን ይመስላል፣ እንዴት ትተኛለች፣ ሲያማት ምን ታደርጋለች፣ ስትፈራስ? ደኅና ቀኗን የማያውቅ ሐኪም ክፉ ቀኗን ሊለይ አይችልም። አንድ ወጣት ሳምንት ሙሉ ራሱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ «ጠባዩ ነው» ተብሎ ታለፈ፤ የሚጥለውም በዛ። በመጨረሻ አፉን የከፈተው ሰው የበሰበሰ መንጋጋ ጥርስ አገኘ። የሆድ ድርቀት፣ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሁሉም መናገር በማይችል ሰው ላይ የጠባይ ለውጥ መስለው ነው የሚመጡት። «እሷ እንዲህ ናት» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ ስትሰማ፣ «አይደለችም፤ ይኸው ተጽፏል» ብለህ የምታሳየው ገጽ ይኑርህ።

ቀጥሎ ስለሚጥላት ነገር ጻፉ። ስንት ዓይነት ነው? እያንዳንዱ እንዴት ይጀምራል፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ትተኛለች? መላ ሰውነቷን የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት 5 ደቂቃ ካለፈው በራሱ የመቆም ዕድሉ ይቀንሳል፤ ወደ 30 ደቂቃ ሲጠጋ ደግሞ ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ «ቶሎ ካልለቀቃት» አትበሉ፤ ደቂቃውን ጻፉ። የአፍንጫው መድኃኒት መጠኑ ስንት ነው፣ ሁለተኛው መቼ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም፣ ከዚያ ማን ይጠራል? ያባባሰባት መድኃኒት ካለ በትልቁ ይጻፍ። ለምሳሌ ካርባማዜፒንና ላሞትሪጅን ብዙ ሰው ይረዳሉ፤ ድራቬ ሲንድረም የሚባለው፣ ከሕፃንነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነት ያለበትን ሰው ግን ሊያባብሱበት ይችላሉ። የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

አብዛኛው ቤተሰብ የሚረሳው መዋጥ ያቃታት ቀን ምን እንደሚደረግ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ፣ በተለይ ፌኖባርቢታልና የዲያዜፓም ወገኖች፣ መቋረጡ ራሱ ይጥላል። ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ እንክብሎች አይፈጩም። በደም ሥር ነው፣ በቱቦ ነው፣ በቆዳ ሥር ነው የሚለውን ከሐኪሟ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ። በሕይወቱ ፍጻሜ ላይ ላለና መዋጥ ለማይችል ሰው የሚጥለውን የሚያስቆመውን ሚዳዞላም የተባለ መድኃኒት በቆዳ ሥር በዝግታ እንሰጣለን። እናትህ ይህን ትወቅ፤ «ከእንግዲህ ሆስፒታል አናመላልሳት» የሚባልበት ጊዜ ቢመጣ እንኳ፣ እየጣላት ትሙት ማለት አይደለም።

«እስከ ምን ድረስ» የሚለውን ደግሞ በአንድ አዎ ወይም በአንድ አይደለም አትመልሱት። ሆስፒታል መግባት፣ አንቲባዮቲክ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ በሆድ የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ፣ የቆመ ልብን ደረት በመጫን ማስነሣት፣ እያንዳንዱ የራሱ ጥያቄ ነው። እህትህ በመሣሪያው አምስት ቀን ቆይታ ተመልሳለች። ምግብ ወደ ሳንባዋ እየገባ በዓመት አራተኛ ጊዜ ሳንባዋ የተጎዳ ሰው ግን በዚያው መሣሪያ ላይ የሚጠብቀው ሌላ ነው። ልብ ሲቆም እንዳይነካ የወሰነ ቤተሰብ ቢኖር እንኳ ውሳኔው ለቆመ ልብ ብቻ ነው። ሲጥላት የሚረጨውን መድኃኒት መከልከል ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ተደርጎ ይጻፍ፤ ይህን ሁለቱን ያምታታ ባልደረባ አይቻለሁ።

እናት ከሩቅ

ልጄ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ልጄን ያጣሁት በ26 ዓመቱ ነው። ማታ በሩን ዘግቶ ተኛ፤ ጠዋት በሆዱ ተኝቶ ፊቱ ትራሱ ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። ያኔ አንድም ሐኪም ሊሆን ይችላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው አዋቂዎች በዓመት ከ1,000 አንዱ ገደማ ሌላ ምክንያት ሳይገኝ በድንገት እንደሚሞት ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። መላ ሰውነት የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት በተደጋጋሚ የሚጥለው፣ በተለይ ሌሊት የሚጥለውና ብቻውን የሚተኛ ሰው አደጋው ይበዛበታል። የልጄን ነገር ሁሉ ቁጭ ብሎ የጻፈ ይመስላል።

እንግዲህ ዕቅዱ ውስጥ ይህም ይግባ። ሐኪሟን ፊት ለፊት ጠይቃቸው፤ «በድንገት የመሞት አደጋዋ ምን ያህል ነው? ለመቀነስስ ምን የቀረን ነገር አለ?» በላቸው። ብዙውን ጊዜ መልሱ መድኃኒቱን አስተካክሎ የሚጥላትን ቁጥር መቀነስና ሌሊት የሚሰማት ሰው መኖር ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ልጄ በሩን መዝጋት ይወድ ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላው «የእኔ በር» አለኝ፤ ከዚያ በፊት «የእኔ» ብሎ የጠራው ነገር አልነበረም። ብከለክለው ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይኖር ነበር፤ ምናልባትም አይኖርም ነበር። ስድስት ዓመት በሩን ዘግቶ ኖረ። ይህን ማንም እንዲፈርድብኝ አልፈልግም፤ ብቻ እኔ ሳልጠየቅና ሳላውቅ ነው የወሰንኩት። ባውቅ ኖሮ ከእሱ ጋር እንነጋገርበት ነበር። ትራስ ላይ የሚቀመጥ ማንቂያ ነው፣ ገርበብ ያለ በር ነው፣ አንድ ነገር ላይ እንስማማ ነበር።

ጠርጣሪ

ፍርሃትህ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ በእንግሊዝ አገር በበረታበት ወቅት የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች መዝገብ ላይ «ልብ ቢቆም አታስነሡ» የሚል ትእዛዝ እነሱም ቤተሰባቸውም ሳይጠየቁ እንደተጻፈ ቅሬታ በዝቶ፣ የአገሪቱ የጤና ተቆጣጣሪ ምርመራ እስከ ማካሄድ ደርሷል። በአንዳንዶቹ ቅጾች ላይ ምክንያት ተብሎ የሰፈረው ራሱ የአእምሮ እድገት ውስንነቱ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። «ምክንያት» የሚለውን መስመር መጀመሪያ አንብብ። የአካል ጉዳቷ ስም እዚያ ከተጻፈ ብዕሩን አስቀምጥ። ሳንባዋ፣ ልቧ፣ ኩላሊቷ ይጻፍ፤ የተፈጠረችበት ሁኔታ ለመሞት ምክንያት አይሆንም። «የምትኖረው ኑሮ ኑሮ ነው ወይ?» የሚል ሰው ደግሞ እሷን በደኅና ቀኗ ያላየ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. የ2006 የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች በሕግ ፊት ከሌላው እኩል መሆናቸውንና ለመወሰን የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ ማግኘት እንዳለባቸው ይናገራል። ድጋፍ ነው የሚለው። በምትካቸው ወስናችሁ ጨርሱ አይልም።

ወንድሜ ሲታመም እኛን ማንም ምንም አልጠየቀንም። ስለዚህ የአንተን ሐኪም ወንበር ስበው በመቀመጣቸው ብቻ አመሰግናቸዋለሁ። ጠርጣሪ ነኝ እንጂ ምስጋና ቢስ አይደለሁም።

የሌሊት ተረኛ

ጠርጣሪ ልክ ነው። የምጨምረው ቀን ይጻፍበት ነው። ከሆስፒታል በወጣች ቁጥር፣ ምንም ባይፈጠርም በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ይነበብ። የሦስት ዓመት ወረቀት ስለ ሌላ ሴት የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

እኔም ይጥለኛል

እኔም ይጥለኛል። መማርም ይከብደኛል። ይህን የምትጽፍልኝ እህቴ ናት። ቃሉ ግን የእኔ ነው። ስትጽፍ እንዳታሳምረው ነግሬአታለሁ።

እኔ ዕቅድ አለኝ። በሥዕል ነው የሠራነው። በአንድ ቀን አልሠራነውም። ብዙ ቀን ፈጅቷል። ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ከጣለኝ በኋላ ግን አይሆንም፤ ያኔ ጭንቅላቴ ጥጥ ነው።

የእኔ ዕቅድ እንዲህ ይላል። ሸሚዜን አትቅደዱ። አንድ ጊዜ በመቀስ ቀደዱት። የምወደው ሸሚዝ ነበር። ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን ፍቱ። መብራት ቀንሱ። ስነቃ ስሜን ንገሩኝ፤ የት እንዳለሁም ንገሩኝ። ከእህቴ ጋር ስታወሩ እኔን እዩኝ።

ስሞት ጫማዬን ማን ይወስዳል ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም አለቀሱ። እኔ ግን ማወቅ ፈልጌ ነበር። ጎረቤታችን ይወስዳል። እግሩ ከእኔ እኩል ነው።

እህትህን ጠይቃት። ታውቃለች።

ታላቅ ወንድም

አምስት ሳምንት ሆነኝ፤ ዝም ያልኩት እየሠራን ስለነበር ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናት ከሩቅ፣ የጻፉልኝን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ወረቀቱን ቀና ብላ አላየችውም ነበር። ሰምታ ጨረሰችና «የዚህችን ሴት በር እኔም አለኝ» አለች፤ ከዚያ ወዲህ አብራን ናት።

የመጀመሪያውን ገጽ እናቴ እየተናገረች እኔ ጻፍኩ። አምስት መስመር ይበቃል ብዬ ነበር፤ ሁለት ገጽ ሆነ። ሊጥላት ሲል የግራ ዐይኗ ቆብ ቀድሞ እንደሚርገበገብ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬ ኖሬ አላውቅም ነበር። ሆዷን ሲያማት ሆዷን እንደማትይዝ፣ የቀኝ ጆሮዋን እንደምትጎትት እናቴ ስትናገር ደግሞ ሆስፒታል ጆሮዋን ሁለት ጊዜ አይተው «ደኅና ነው» ብለው እንደመለሱን ትዝ አለኝ። ያኔ ለካ ሆዷ ነበር።

ከላይ በትልቁ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ኩባያ ከገለበጠች እምቢ ማለቷ ነው። አልጠማትም። እጃችሁን መልሱና የምታደርጉትን አሳይታችሁ እንደገና ጠይቋት። ኩባያዋን አትውሰዱባት።» ሐኪሟ አንብበው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ሕይወቷን የሚያድን ነገር ስናደርግ ብትገለብጥስ?» ከባድ ጥያቄ ነው። የተስማማንበትን ጻፍን፤ ጊዜ ካለ ትጠየቃለች፣ ይታያል፣ ከእኛ አንዳችን እንጠራለን። ጊዜ ከሌለ ይደረግላት፤ ግን እምቢ ማለቷ መዝገቡ ላይ ይስፈር። «ተረበሸች» ተብሎ አይጻፍ።

«እህትህን ጠይቃት» ያልከኝ ወንድሜ፣ ጠየቅኋት። ፎቶዎች አዘጋጀን፤ መርፌ፣ የኦክሲጅን ጭንብል፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የተኛ ሰው፣ የሆስፒታል አልጋ፣ የራሷ አልጋ፣ እናቴ። አንዳንድ ቀን ፎቶዎቹን ጥላ ትሄዳለች፤ እንተወዋለን። በአራት የተለያዩ ጠዋቶች አሳየናት። መርፌው ላይ አራቱንም ጊዜ ኩባያ ገለበጠች፤ ይህ አያስደንቅም። የመተንፈሻ መሣሪያው ላይ ግን አልገለበጠችም። ጣቷን አንገቷ ላይ፣ ቱቦው ከገባበት በታች አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የእናቴን ፎቶ አንሥታ ከመሣሪያው ፎቶ አጠገብ አኖረችው። ምን ማለቷ እንደሆነ ልተረጉም ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። ስለዚህ ያደረገችውን ብቻ፣ በቀኑና በሰዓቱ ጻፍን። ሐኪሟ ይህ ከእኔ ማንኛውም ትርጉም ይሻላል አሉ።

ውሳኔዎቹን በተመለከተ፣ እንዳለፈው ጊዜ አልለቃት ቢል መሣሪያውን ጨምሮ ሙሉ ሕክምና ይደረግላት፤ እናቴ ደግሞ አጠገቧ እንድትቀመጥ ይፈቀድ። ይህን የመጨረሻውን ያስገባነው በፎቶዎቹ ምክንያት ነው። ስለ መመገቢያ ቱቦ ገና መዋጥ ስለምትችል «ችግሩ ሲጀምር እንነጋገር» ብለን አቆየነው፤ የመድኃኒቶቿ ሌላ መንገድ ግን ተጽፏል። ልብ ስለመቆም ያለው ገጽ ባዶ ነው። እናቴ እስከዚያ ድረስ መሄድ አልቻለችም፤ እኔም አልገፋኋትም። ጠርጣሪ፣ «ምክንያት» የሚለውን መስመር ሐኪሟ ራሳቸው አሳይተውኝ «እዚህ የአካል ጉዳቷን የጻፈ ሰው ካለ ጥሩኝ» ብለዋል።

ሌሊቱን በተመለከተ በሯ ገርበብ ብሎ ያድራል። ማንቂያው አልጋዋ ሥር ተገጥሟል፤ ስትገለበጥም ይጮኻል፤ ሦስት ሌሊት በከንቱ አስነሥቶናል።

ወረቀቱ አራት ቦታ ተቀምጧል፤ ከእሷ ቦርሳ፣ ከመዝገቧ፣ ከእኔ ስልክና ከመግቢያው በር ጀርባ። ቦርሳው ውስጥ አብራ የምትጓዝ የፕላስቲክ ኩባያም አለች፤ ባዶዋን።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። የወሰንነውን ሁሉ ጽፈን ስንጨርስ እናቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «እኔ የሞትኩ ቀንስ ማን፣ እንዴት አድርጎ ይነግራታል? ፎቶዬን አንሥታ ስትጠይቃችሁ ምን ትሏታላችሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ነገር ለእንደ እህቴ ያለ ሰው የነገራችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደነገራችሁና እሷ ወይም እሱ ምን እንዳደረጉ ጻፉልኝ።